የአብያታ ወፎችን ለማየት

ልጆችን ይዞ መዝናናት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መናፈሻና የሐይቅ ዳር ሆቴል ነው። እኛ ዛሬ የምንጠቁማችሁ ግን ትልቁም ትንሹም እኩል የሚደሰትበትን ሌላ መዝናኛ፣ ወፍ ማየትን ነው። ለዚህም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ መካከል ወደሚገኘው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ እንወስዳችኋለን።

ፓርክ ሲባል አንበሳና ዝሆን የሚጠብቅ ልጅ ካለ አስቀድሞ ይነገረው። ይህ ፓርክ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም በዋነኛነት የታሰበው ለውሃ ወፎች ነው። በውስጡ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በመግቢያው አካባቢ ሰጎን ይታያል፤ ልጆች እዚያው መቆየት ቢያምራቸውም ዋናው ጉዳይ ያለው ሐይቁ ዳር ነው።

ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ማለዳ ነው። ስለዚህ ከተቻለ ዝዋይ ወይም ላንጋኖ አድሮ፣ ሱብሒ ሰግዶ መውጣት ይሻላል። የሁለቱም ሐይቆች ውሃ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ የማይጠጣ ነውና ለመጠጥም ለውዱእም የሚበቃ ውሃ በጄሪካን ያዙ። ባይኖኩላር ከተገኘ መልካም ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ተራ መጠበቅ ሊኖር ነው፤ ይህ ደግሞ ለወንድምና እህት ቀላል ፈተና አይደለም! ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ ዳር ወፎች ስለሚጨመሩ ጉዞውን ያኔ ማድረግ ይመረጣል።

አብያታ ዳር ሲደርሱ ከሩቅ እንደ ሮዝ መስመር የሚታየው የፍላሚንጎ መንጋ ነው። አመጋገቡን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። አንገቱን ደፍቶ፣ ምንቃሩን ገልብጦ ውሃው ውስጥ ይከታል። ምላሱ እንደ ፓምፕ ውሃውን ስቦ ሲያስወጣው፣ የምንቃሩ ጠርዝ እንደ ወንፊት ሆኖ ጥቃቅኑን አልጌ ያስቀርለታል። ያ የሚያምር ቀለሙም ከምግቡ የሚገኝ ነው፤ ጫጩቱ ሲፈለፈል ግራጫ ነው። ለሌላው ፍጥረት የማይስማማው ሶዳማ ውሃ ለዚህ አልጌ ተስማሚ በመሆኑ ለፍላሚንጎ ማዕድ ሆነለት።

ፔሊካን ግን ዓሣ በል ነው። ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው ከፍታ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ታሪኩ ይገባችኋል። በአንድ በኩል ሻላ አለ፤ ጥልቀቱ ከ260 ሜትር ይበልጣል፣ ዓሣ ግን እምብዛም የለውም። ፔሊካኖች አውሬ በማይደርስበት የሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያጠምዱት በሌላው በኩል ካለው ጥልቀት ከሌለው አብያታ ነበር። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሳውን ሞቃት አየር ይጠብቁና ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ይወጡበታል።

«ነበር» ያልነው በምክንያት ነው። አብያታ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም፤ ውሃው የሚቀንሰው በትነት ነው። ከዝዋይ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲሳብ፣ ዳርቻው ወደ ውስጥ እየሸሸ፣ የቀረውም ውሃ ጨውና ሶዳው እየበረታ ሄደ። ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኑም ማዕዱ ተነሳ። በእኛ አስተያየት ልጆች ይህንንም ማየት አለባቸው። ዛሬ ነጭ አፈር የሆነው ሜዳ ትናንት የሐይቁ ወለል እንደነበር አሳዩአቸው። ነገር ግን መኪና ይዛችሁ ወደዚያ አትግቡ፤ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ የሚያሰምጥ ጭቃ አለው። በእግር ለመጠጋትም ቢሆን ቦታውን የሚያውቅ የፓርኩን አስጎብኚ ይዞ መሄድ ነው። ፍላሚንጎውን ለማስነሳት መሮጥም ሆነ ድንጋይ መወርወር ፈጽሞ አይገባም። አንድ መንጋ በከንቱ በተነሳ ቁጥር ከመብሉ ይስተጓጎላል።

በመመለሻችሁ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ከሚያቆሙበት ጎራ በሉ። አስጋሪዎቹ ዓሣውን ሲያርዱ የሚጥሉትን የሆድ ዕቃ ለመሻማት ራሰ በራው አባ ኮዳ ከሰው እግር ሥር ይቆማል። አብያታ ላይ በባይኖኩላር ሲፈልጉት የዋሉት ፔሊካንም እዚያው ነው፤ ያን ትልቅ የአንገት ከረጢቱን ከፍቶ ድርሻውን ይጠብቃል።