ሰኞ ማለዳ ጠፍቶ የሚበራው ማሽን

አርባ ምንጭ በውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም በ1979 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር «ያፈስሳል» ቢባል ሁሉም የሚያስበው ቧንቧ ነው። የኮምፒውተር ሜሞሪ «አፈሰሰ» ሲባል ግን ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም፤ እንዲያውም የሚያስቸግረው አልወጣ ብሎ ነው።

በዚያው ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚጠብቅ ወዳጅ አለኝ። ዘወትር ሰኞ ማለዳ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራዋል። ምክንያቱን ብጠይቀው «ይህን ካላደረግሁ እስከ ዓርብ ሞልቶ ይቆማል» አለኝ። በእውነትም ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ አንዱን ሥራ በግድ ይገድላል፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ ደግሞ በአንዱ ሞት ምክንያት የሌላው ባለጉዳይ ግንኙነት ሁሉ ይቋረጣል።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ፈጥኖ ይረዳዋል። ሠራተኛው ፋይል ከመደርደሪያ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመልሳል። ሁለት ሦስቱን ሳይመልስ ቢቀር በዕለቱ የሚያውቅበት የለም፤ ከወር በኋላ ግን ጠረጴዛው ሞልቶ ሥራ ይቆማል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራምም የተበደረውን ቦታ ራሱ መመለስ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሥራው በደኅና ሲፈጸም ሳይሆን ስህተት ተፈጥሮ መካከል ላይ ሲቋረጥ ነው።

የፖስትግሬስ ሠሪዎች ለዚህ ብልኀት አላቸው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ትንሽ ጠረጴዛ ሰጥተው፣ ጥያቄው ሲያበቃ በላዩ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥረግ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 11ኛው እትም ጥያቄን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ክፍል ተጨመረ። ይህ ክፍል የሚሠራው ኤልኤልቪኤም በሚባል በሌሎች በተሠራ መሣሪያ ስለሆነ፣ መሣሪያው የያዘው ሜሞሪ ከጠረጴዛው ውጭ ነበር፤ መጥረጊያውም አልደረሰበትም። ሳይዘጋ የሚቆይ ግንኙነት ቀስ በቀስ ያብጥ ጀመር። መፍትሔው የወጣው ቆይቶ ሲሆን፣ ኤልኤልቪኤም የሚሠራበትን ክፍል ከ100 ጊዜ አገልግሎት በኋላ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ነው።

ይህም ማጥፋትና ማብራት አይደለምን? ነው! ልዩነቱ ግን በሽታው ያለበት ቦታ ታውቆ እዚያው ብቻ መደረጉ ነው።

ወዳጄንም በዚሁ ተከራከርሁት። የሜሞሪው መሙላት ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ ፖስትግሬስ ደጋግሞ የሚፈልገውን መረጃ ሆን ብሎ በቅርብ ያቆያል። ከ14ኛው እትም ወዲህ ግን እያንዳንዱ ግንኙነት በየጠረጴዛው ስንት እንደ ያዘ ሰርቨሩን መጠየቅ ይቻላል። ሲጠይቀው አንድ ግንኙነት ብቻ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲያብጥ አገኘ፤ እርሱም ለሪፖርት ተከፍቶ የተረሳ ነበር። አሁን ማታ ማታ የሚዘጋው ያንን ብቻ ነው፤ ኮዱንም መመርመር ጀምሯል።