ታምቡር ፍሬን

ታምቡር ፍሬን ከጎማ ጋር በሚዞር ክብ ብረት (ታምቡር) ውስጥ ያሉ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ግድግዳውን ሲጫኑ በሰበቃ ተሽከርካሪውን የሚያቆም የፍሬን ዓይነት ነው። ዘመናዊውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1902 የሠራው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ነው።

ከመንገድ ውጭ በሚነዱ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ላይ ታምቡሩ ዝግ መሆኑ ከድንጋይና ከጭቃ ይጠብቀዋል። ሆኖም ውሃ የሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት ካረጀ የገባው ጭቃ በቀላሉ አይወጣም፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸራውንም ታምቡሩንም ይፍቃል። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ የሚውል ሞተር ድምፅ ባያሰማም ታምቡሩ ተከፍቶ መታየት አለበት። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ መያዝ ሸራውን ያደርቀዋል።

ታምቡሩ ሲከፈት የሚገኘው ዱቄት በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አይነፋም። በድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ይገኛል፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ዱቄቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ግራሶ የነካው ሸራ ቢታጠብም አይታመንም፤ ሁለቱም ሸራዎች አብረው ይቀየራሉ። የታምቡሩ ውስጣዊ ስፋት ፋብሪካው ከወሰነው ካለፈ ታምቡሩም ይቀየራል። በመጨረሻ የፍሬኑ ሽቦ ሲስተካከል፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ጎማው በነፃ መዞር ይኖርበታል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ሽቦ ታምቡሩን ያግለዋል።