ኪንታሮት፦ የምናፍርበት ግን ልናውቀው የሚገባ ሕመም

ራስዎን ሲያምዎት ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል። መጸዳጃ ቤት ገብተው ሶፍቱ ላይ ደም ሲያዩስ ለማን ይናገራሉ? ብዙዎቻችን ለማንም አንናገርም። እኔም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ምልክቱን አይቼ ለትዳር አጋሬ እንኳ ሳልናገር ወራት አልፈዋል።

ኪንታሮት ምንድን ነው?

ሁላችንም ፊንጢጣ ውስጥ በደም ሥሮች የተሞላ፣ ትራስ መሰል ለስላሳ ሥጋ አለን። ሰገራና አየር ሳንፈልግ እንዳያመልጡን ያግዛል። ይህ ሥጋ ሲያብጥና ወደ ታች ሲንሸራተት ኪንታሮት ይባላል። የውስጠኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የሚታወቀው በደማቅ ቀይ ደም ነው። የውጨኛው ያሳክካል፤ ደም ከረጋበት ደግሞ መቀመጥ እስኪያቅት ያማል።

ምን ያመጣዋል?

ዋናው ድርቀትና ማማጥ ነው። ባማጡ ቁጥር በደም ሥሮቹ ላይ ጫና ይበረታል። ስልክ ይዞ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ረጅም ጊዜ መቀመጥ፣ የቆየ ተቅማጥ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና ዕድሜም ድርሻ አላቸው። ነፍሰ ጡሮችም በማሕፀን ክብደትና በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ይጋለጣሉ።

ከቤት ይጀምሩ

ነጭ ዳቦና ፓስታ የሚበዛበትን ገበታ በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመንና በፓፓያ ያመጣጥኑ። አንድ አዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር ቢያገኝ ይመከራል። ሲጨምሩ ግን ቀስ በቀስ ይሁን፤ ውሃም በደንብ ይጠጡ። ሰገራዎ ሲመጣ አያቆዩት፤ ስልክዎን ውጭ ይተዉት። ሕመም ካለ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሳል።

ደሙን አይናቁ

የአንጀት ካንሰርም ያደማል። ስለዚህ «ኪንታሮት ነው» ብለው ለራስዎ አይፍረዱ። በተለይ ሰገራው ከጠቆረ፣ ክብደትዎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም የአንጀትዎ ልማድ ከተለወጠ ፈጥነው ይመርመሩ። «ከሥሩ ይነቅላል» ተብሎ የሚቀባ ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት ሥጋን ሊያቃጥል ይችላል። ሕክምናውም ሁልጊዜ ቀዶ ጥገና አይደለም፤ የውስጠኛውን ኪንታሮት በትንሽ ላስቲክ አስሮ ማድረቅ ይቻላል።

እኔን ወራት ያስጨነቀኝን ነገር ሐኪም በደቂቃዎች አይቶ ጨረሰው። በእርስዎም ቤት አፍሮ ዝም ያለ አባት ወይም በቅርብ የወለደች እህት ትኖር ይሆናል። ዛሬ ቡና ላይ ወሬውን እርስዎ ይጀምሩት።