አጥሩን ያልዘለሉት ውሾች

(ድምፅ፦ የብረት በር ሲከፈት፤ የውሻ እርምጃ)

ተራኪ፦ ፊላደልፊያ፣ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፤ ጊዜው 1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ውሾችን አስረው በኤሌክትሪክ ያስነዝራሉ። የመጀመሪያው ምድብ ውሾች አጠገባቸው ያለውን ሰሌዳ በጭንቅላታቸው ሲገፉ ንዝረቱ ይቆማል። ሁለተኛዎቹም እኩል ይነዘራሉ፤ ነገር ግን ቢወራጩም ቢጮኹም የሚለወጥ የለም። ጭካኔው ሳይነሣ አይታለፍም፤ ዛሬ ቢሆን የሥነ ምግባር ኮሚቴ መፍቀዱ ያጠራጥራል።

በማግሥቱ ሁሉም ዝቅተኛ አጥር ወዳለበት ሣጥን ገቡ። ዘሎ መሻገር ብቻ ነው ነገሩ። የመጀመሪያዎቹ ዘለሉ። ከሁለተኛዎቹ 8 ውሾች ግን 6ቱ ማምለጥ ተሳናቸው። ሙከራው በ1967 ታተመ፤ ውሾቹ አቅመ ቢስነትን ተማሩ ተባለ።

(ሙዚቃ፣ ለጥቂት ሰከንድ)

ተራኪ፦ ሰው ደግሞ ለደረሰበት ነገር ምክንያት ይፈልጋል። በ1978 ሴሊግማንና ባልደረቦቹ ያተኮሩት እዚህ ላይ ነበር። ፈተና የወደቀ አንድ ተማሪ «የዘንድሮው ከበደኝ» ይላል። ጓደኛው «እኔ ድሮም አይገባኝም፤ ምንም አይሳካልኝም» ይላል። ውጤታቸው አንድ ነው፤ ደብተሩን መልሶ የሚገልጠው ግን የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በሥራውም በትዳሩም እንዲሁ ማሰብ ከለመደ ለድብርት ይበልጥ ይጋለጣል።

ማየር በበኩሉ ወደ ነርቭ ሳይንስ ገብቶ የአይጦችን አንጎል ሲመረምር ዓመታት ቆየ። በ2016 ሁለቱ ሰዎች የገዛ ሐሳባቸውን ገለበጡት፤ ስም ላወጣ ምሁር ቀላል አይደለም። እጅ መስጠት ትምህርት አይሻም አሉ፤ መከራ ሲረዝም አንጎል በተፈጥሮው የሚሰጠው ምላሽ ነው። የሚለመደው «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ይህን ሲረዳ፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚያፈዙትንና የሚያስፈሩትን ሕዋሳት ጸጥ ያሰኛቸዋል።

ማምለጥ ተስኗቸው የተኙት ውሾችስ? ቢጠሯቸው አልመጡም፤ ከአጥሩ ማዶ ምግብ ቢጣልላቸውም አልተነሡም። የረዳቸው በገመድ እየጎተቱ ደጋግሞ ማሻገር ነበር። መጀመሪያ ብርቱ ጉልበት ጠየቀ፤ እያደር ቀለለ፤ በኋላ በራሳቸው ዘለሉ።

ድብርት የያዘውን ሰው «በርታ፣ ጨክን» ማለት እምብዛም የማይፈይደው ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው ሕክምናዎች አንዱ ታማሚው የሚችላትን ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ሰውነት መታጠብን ወይም እስከ ሱቅ መሄድን፣ በዕቅድ እንዲያደርግ ማገዝ ነው።

አድማጫችን፣ ሐዘንና ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ብቻዎን መሄድ ካቃተዎ አብሮዎት የሚሄድ ሰው ይጥሩ።