65 ዓመት ሲሞላ የቤት ግብር በራሱ ይቀንሳል?

በዋሺንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ቀደም ብለው ቤት ከገዙ ኢትዮጵያውያን መካከል ዛሬ ጡረታ የወጡ ጥቂት አይደሉም። ሞርጌጁን ከፍለው የጨረሱም አሉ። በየዓመቱ በቤቱ ላይ የሚከፈለው ፕሮፐርቲ ታክስ ግን ማለቂያ የለውም፤ የቤቱ ግምት ባደገ ቁጥር እሱም ያድጋል። ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች ቅናሽ አስቀምጧል። ቅናሹን በወሬ ብቻ ስለሚያውቁት ሳይወስዱት የሚቀሩ መኖራቸው ያሳዝናል።

ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣው ተረት «ዕድሜዬ ሲደርስ መንግሥት ራሱ ይቀንስልኛል» የሚለው ነው። ያላመለከተ አይቀነስለትም። በዲሲ ሆምስቴድ የሚባለውን ቅናሽ የሚያገኘው በቤቱ ውስጥ የሚኖርና ለግብር ቢሮው ያመለከተ ባለቤት ነው። ከቤቱ ግምት ላይ ወደ 90,000 ዶላር ይነሳለታል፤ መጠኑ በየዓመቱ ይስተካከላል። 65 ዓመት የሞላው ሰው የአረጋውያኑን ቅናሽ ጨምሮ ከጠየቀና ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ ካላለፈ ደግሞ የቀረው ግብር በግማሽ ይወርዳል። 500,000 ዶላር የተገመተ ቤት እንውሰድ። ከየ100 ዶላሩ 85 ሳንቲም ሲታሰብ የዓመቱ ግብር 4,250 ዶላር ነው። ሆምስቴድ ሲገባ ወደ 3,485 ይወርዳል፤ የአረጋውያኑ ሲጨመር 1,740 አካባቢ ይሆናል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ያመለከተ የሙሉ ዓመቱን ቅናሽ ያገኛል፤ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ያመለከተ የግማሹን ብቻ።

«ታክሱን ባንኩ ስለሚከፍልልኝ እሱ ይጨርስልኛል» የሚሉ፣ ሞርጌጃቸውን ገና ያልጨረሱም አሉ። ባንኩ የተላከለትን ሂሳብ ይከፍላል እንጂ ስለ እርስዎ ቅናሽ አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ልጅ ቤት ይገዛል፣ እናቱን ያመጣል፣ «እማዬ 70 ዓመቷ ነው፣ ታክሱ ይቀነስልናል» ይላል። በዲሲ ቅናሹ የሚሰጠው ከቤቱ ቢያንስ ግማሹ በአረጋዊው ስም ሲሆን ነው፤ አብሮ መኖር ብቻውን አይበቃም። በተቃራኒው ደግሞ ውርስ ለማቅለል ብለው ቤታቸውን በቁማቸው ለልጆቻቸው የሚያዞሩ ወላጆች ባለቤትነቱን ሲለቁ ቅናሹንም ይለቃሉ። ስለዚህ ስም ከማዞር ወይም ከመጨመር በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል፤ ስም ማዞሩ ከዚህ ግብር ሌላም ብዙ ነገር ይነካል።

የገቢው ስሌትም የቤቱን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ሥራ ይዞ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ልጅ ገቢ ይደመራል፤ ተከራዩ ራሱ የሚያገኘው ገቢ ግን አይደመርም። «ቤዝመንቴን ስላከራየሁ አይፈቀድልኝም» ብለው የተዉ ሰዎች ያለ ምክንያት ነው የተዉት። የዲሲ ሆምስቴድ እስከ አምስት መኖሪያ ላለው ቤት ይፈቀዳል፤ ባለቤቱ በአንዱ ውስጥ ይኑር እንጂ።

ሜሪላንድ ላይ ግራ የሚያጋባው የሁለት ቅናሾች ስም መመሳሰል ነው። የሆምስቴድ ክሬዲት ገቢ አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ ማመልከት ይበቃዋል፣ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይዘል ያግዳል። በሞንጎምሪ ካውንቲ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። የቤት ባለቤቶች ክሬዲት የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ማመልከት ይጠይቃል፣ የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ከ60,000 ዶላር እንዳይበልጥ፣ ከቤቱና ከጡረታ ቁጠባው ውጭ ያለው ሀብትም ከ200,000 በታች እንዲሆን ያስገድዳል። «ለሽማግሌ ብቻ ነው» ይባላል፤ ዕድሜ መስፈርቱ ውስጥ የለም። የ40 ዓመት ሰውም ገቢው ካነሰ ይገባዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ግን በዚህ ስሌት እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ይህን ሳይጽፉ ማለፍ ችግር ያመጣል።

ጣሪያ አለ ማለትም ግብሩ ባለበት ይቆያል ማለት አይደለም። ግብር የሚታሰብበት ግምት በአንድ ዓመት 25 በመቶ ማደግ ቢኖርበት ሞንጎምሪ ውስጥ በዚያ ዓመት 10 በመቶው ብቻ ይታሰባል፣ የቀረው በሚቀጥሉት ዓመታት ይጨመራል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ እንኳ ግብሩ ለተወሰኑ ዓመታት ሊጨምር የሚችለው ለዚህ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ጉዳዩ ለየከተማውና ለየካውንቲው የተተወ ስለሆነ የአሌክሳንድሪያ ጎረቤት የነገረዎት ፌርፋክስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ከሁሉም በላይ እንዲታወቅ የምፈልገው የተከራዩ ጉዳይ ነው። «ቤት ለሌለው ምን ቅናሽ አለ?» ይባላል። በዲሲ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ ከሚከፍለው ኪራይ የተወሰነው ክፍል እንደ ፕሮፐርቲ ታክስ ይቆጠርለታል፤ የገቢ ግብር ማቅረብ የማይጠበቅበት ሰው እንኳ ቅጹን ብቻውን ሞልቶ ተመላሽ ሊያገኝ ይችላል። ሜሪላንድም ዕድሜያቸው 60 የሞላ፣ ገቢያቸውም ዝቅ ያለ ተከራዮች በየዓመቱ እየጠየቁ እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም አላት።