መቶ በመቶው የማያሸንፍበት ሊግ

ብዙ ሰው ፖኬሞን ጎን የሚያውቀው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እያየ በሚሄድ መንገደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሲወጣ የነበረው ግርግር ዓለምን ያዳረሰ ስለነበር፣ የጨዋታው ስም ከማሳደድና ከመሰብሰብ ጋር ብቻ ተጣብቆ ቀረ። በታኅሣሥ 2018 ግን ሰው ከሰው የሚጋጠምበት ፍልሚያ ተጨመረበት፤ በ2020 መጀመሪያ ደግሞ የማያውቁትን ሰው በኢንተርኔት የሚገጥሙበት ሊግ ተከፈተ። ለእኔ የጨዋታው ውበት ያለው እዚህ ነው። ለዓመታት ሲሰበስቡ ኖረው ይህን በር አንኳኩተው የማያውቁ ሰዎች ሳይ ይቆጨኛል።

ደንቡ አጭር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ፖኬሞን ያሰልፋል፤ ሁለት ጋሻ ይሰጠዋል። በግሬት ሊግ የማንም ፖኬሞን ሲፒ (የኃይሉ መለኪያ ቁጥር) ከ1500 መብለጥ አይችልም፤ በአልትራ ሊግ ወሰኑ 2500 ነው፤ ማስተር ሊግ ወሰን የለውም።

ሦስቱን መምረጥ ላይ ነው ሥራው። ዓይነቶቹ 18 ናቸው። ተጋጣሚው በሚደክምበት ዓይነት የተሰነዘረ ምት ጉዳቱ በ1.6 ይባዛል፤ በሚቋቋመው ዓይነት ከሆነ በ0.625። ስለዚህ ቡድን ማለት ሦስት ጉልበተኛ ማሰለፍ ሳይሆን የአንዱን ቀዳዳ በሌላው መድፈን ነው። አዙማሪልን፣ አልታሪያንና ሬጂስቲልን እንውሰድ። አዙማሪል ውኃና ፌሪ ነው፤ ሣር፣ መርዝና ኤሌክትሪክ ይጎዱታል። ሣሩን አልታሪያም ሬጂስቲልም ይችሉታል፤ መርዙን የብረቱ ሬጂስቲል ከቁብ አይቆጥረውም። ሬጂስቲልን እሳት፣ ተዋጊና መሬት ያስጨንቁታል፤ ሦስቱንም በራሪው ድራጎን አልታሪያ ይቋቋማል። አልታሪያ በተራው በረዶ፣ ድንጋይ፣ ድራጎንና ፌሪ ሲመጡበት ሬጂስቲል ይቀበልለታል። ሲያዩት ምንም የማያስገባ አጥር ይመስላል። ኤሌክትሪክን ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አይቋቋሙትም። በአዙማሪል ፈንታ ስዋምፐርትን ብናስገባ ያ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ነገር ግን ድራጎንን የሚቋቋም ሬጂስቲል ብቻ ይሆናል። እንከን የሌለው ቡድን የለም። ጎበዝ ተጫዋች የትኛውን እንከን ተሸክሞ እንደሚገባ አውቆ ይመርጣል።

ስለ ቅደም ተከተል ብዙ አልልም። መጀመሪያ የሚገባው ከብዙዎቹ ጋር የሚተካከል ይሁን፤ ለቅያሪ የሚታሰበው ማንም ቢመጣበት ቶሎ የማይወድቅ ይሁን፤ አንዴ ከተቀየረ ቶሎ መልሶ መቀየር አይቻልምና። ጋሻ ባለቀበት ሰዓት የሚያስፈራው ለመጨረሻ ይቀመጥ። የተቃራኒን ምት መቁጠርም ይለመድ፤ አዙማሪል አይስ ቢም የተባለውን ትልቅ ምት ለመልቀቅ በብል የተባለውን ትንሽ ምት አምስት ጊዜ መሰንዘር ይበቃዋል፤ ይህን የቆጠረ ሰው ጋሻውን በከንቱ አይጨርስም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ፖኬሞን ሲያዝ ከዝርያው ጠባይ ሌላ ሦስት የግል ቁጥሮች ይዞ ይመጣል፤ ለጥቃት፣ ለመከላከያና ለዕድሜ (ስንት ጉዳት ችሎ እንደሚቆይ)፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 15። ሦስቱም 15 ሲሆኑ ተጫዋቾች «መቶ በመቶ» ይሉታል፤ እንደ ወርቅም ያስቀምጡታል። ከዚያ ያንኑ መቶ በመቶ ይዘው ግሬት ሊግ ይገባሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ምክንያቱ ሲፒ የሚሰላበት መንገድ ነው። በስሌቱ ውስጥ ጥቃት እንዳለ ይባዛል፤ መከላከያና ዕድሜ ግን ስኩዌር ሩታቸው ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ ጥቃት ሲፒን ቶሎ ያስወጣል፤ ወሰን ባለበት ሊግ ቦታውን ይሻማል። አዙማሪልን በቅርበት እንየው። መቶ በመቶው ደረጃ 36 ላይ 1497 ሲፒ ይደርሳል፤ ግማሽ ደረጃ ቢጨመርለት 1500ን ያልፋል፣ እዚያው ይቆማል። ጥቃቱ 8፣ ሌሎቹ ሁለቱ 15 የሆኑበት አዙማሪል ግን እስከ ደረጃ 40 ወጥቶ ልክ 1500 ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ዕድሜው 184 ነው፤ የሁለተኛው 189። መከላከያውም ከ128 ወደ 132 ገደማ ከፍ ይላል። ጥቃቱ በትንሹ ይቀንሳል፤ ወደ 95 ይወርዳል፣ የመቶ በመቶው 97 ተኩል ያህል ነው። ትንሽ ልዩነት ነው የሚል ካለ፣ አንድ በብል ተጨማሪ ለመምታት ነፍስ የተረፈው ፖኬሞን ስንት ግጥሚያ እንደሚገለብጥ ገና አላየም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ውስጥ የተዋወቅሁት ልጅ ስልኩ ላይ ያጠራቀማቸውን ፖኬሞን ሲቀንስ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው ሁለት ኮከብ የሰጣቸውን በሙሉ መርጦ፣ የማይፈለጉት ወደሚሸኙበት ወደ ፕሮፌሰር ዊሎው ሊልካቸው ጣቱን አነሣ። መሐላቸው አንድ አልታሪያ አየሁ፤ የጥቃቱ መስመር ባዶ፣ ሁለቱ መስመሮች ሙሉ።

«ቆይ፣ እሱን ተወው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁለት ኮከብ እኮ ነው!»

«ኮከቡ ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ ነው የሚያወጣው። ለግሬት ሊግ ከዚህ የተሻለ አልታሪያ በቀላሉ አታገኝም።»

ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ኮከቡን የሚያሳየው ጨዋታው ራሱ ነው። ዓመታት የተጫወቱ ሰዎች ግን ኮከብ ብቻ እያዩ በጅምላ ሲልኩ ዝም ማለት አልችልም። እባካችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት መስመሮቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የተላከ አይመለስም።

ማስተር ሊግ ወሰን ስለሌለው እዚያ መቶ በመቶ ይገዛል። እስከ መጨረሻው ደረጃ ቢያድግም 1500 የማይሞላ ዝርያም እንዲሁ ሁሉም ቁጥሩ 15 ቢሆን ይጠቅመዋል። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ቅጽበት ላይ ትልቁን ምት ሲለቁ ደግሞ የሚቀድመው ጥቃቱ የበለጠው ነው፤ ለዚያ ብለው ጥቃት የሚመርጡ አሉ፤ አስበውበት ከሆነ አልከራከርም።

ጥቃቱ ያነሰውን የት እናግኝ ለሚል፦ ከሬይድ (ከቡድን ፍልሚያ)፣ ከእንቁላልና ከምርምር ሽልማት አይደለም፤ ከእነዚህ የሚገኘው በአብዛኛው ቁጥሮቹ ከ10 አይወርዱም። በመንገድ ላይ በተራ አየር የሚያዘው ነው ከ0 ጀምሮ የሚመጣው። መለዋወጥም ይረዳል፤ ፖኬሞን ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ይወጣሉ። ወዳጅነቱ በጠነከረ መጠን ግን ዝቅተኛው ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከምርጥ ጓደኛ የመጣ ከ5 አይወርድም፣ ዕድለኛ ሆኖ የመጣ ደግሞ ከ12። ለግሬት ሊግ የሚለዋወጥ ሰው ገና የተዋወቀውን ጓደኛ ይፈልግ።