መኪና ልንገዛ ወጥተን ቆጣሪ ስንፈልግ…

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰፌድ በብብቱ ሸጉጦ መኪና መሸጫ የገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም የገዛ እህቴን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር የሰው ቤት ሠርታ አምና ተመልሳለች። ለቤተሰብ ከላከችው የተረፈውንና እዚህ ገብታ የደረሳትን እቁብ ደምራ ያስቀመጠቻት ገንዘብ አለች። በእሷ እንጀራ እየጋገረች ለካፌና ለምግብ ቤት ልታከፋፍል አስባለች። ለዚህ ደግሞ መኪና ያስፈልጋል። «ባጃጅ ኮንትራት እየያዝሽ ለምን አታደርሺም?» ብላት፣ «አንተ ልጅ፣ ትርፉን ሁሉ ባጃጁ ይብላው?» አለችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ስናሰላው ልክ ሆና ተገኘች።

«ብሩ ይቺው ነች» አለችኝ ያን ቀን ማታ። «ይቺን ካባከንኩ ተመልሼ መሄዴ ነው።»

እንግዲህ ይሄን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ወንድም ካለ እሱ እኔ አይደለሁም።

እውነቱን ልናገርና የእኔ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ቪትዝ! ቪትዝ ማለት ከጃፓን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣች፣ ሞተሯ አንድ ሊትር ገደማ የሆነ፣ የትኛውም ሰፈር ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መኪና ናት። መለዋወጫዋ እንደ ልብ ነው። ሌሊት ስፖኪዮዋ ቢነቀል ጠዋት ሱማሌ ተራ ወርዳችሁ የራሳችሁን ስፖኪዮ ተከራክራችሁ ትገዛላችሁ እየተባለ ይቀለድ የለ? እህቴ ግን በጄ አላለችም። አዲስ ነው የምፈልገው አለች።

«ዘጠኝ ዓመት ሰው የተወውን ልብስ ስለብስ ኖሬአለሁ። የወንበሩን ላስቲክ እኔ ራሴ ነኝ የምቀደው።»

ምን ይመለሳል? ምንም!

የሆነ ሆኖ ልብ ይቁረጥላት ብዬ ደላላ ዘንድ ወሰድኳት። ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ያለፈ ቪትዝ አሳየን። «ብሮ፣ ሞተሯ አልተነካም! የሴት መኪና ናት!» ይላል። (የአዲስ አበባ አሮጌ መኪና በሙሉ የሴት መኪና ነው፤ ወንዶቹ ምን ሲነዱ እንደኖሩ እንጃ።) ኪሎ ሜትሩ ላይ 78 ሺህ ይነበባል። ጎንበስ ብዬ የፍሬን መርገጫዋን ሳየው ግን ጎማው ተፍቆ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። 78 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ አይፍቅም ወዳጆቼ። ቆጣሪው ተመልሷል ማለት ነው። በሩን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው አንዱ ጋ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጋ ስቱኮ ይጮኻል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው፤ የሚሸጥልን ደግሞ የውክልና ውክልና የያዘ ሦስተኛ ሰው። ዋጋውን ስንጠይቅ የተጠራልን ብር የአዲሷን ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ሊነካ ምንም አልቀረው!

«አየህ?» አለችኝ። አየሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ነገሩ ተደራርቦ የመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገለ መኪና ላይ ከበድ ያለ ግብር ጣለ። ሞተሩ ከ1300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ መኪና ግን 5 በመቶ ብቻ ተጣለበት። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይዙም፣ ቫቱም፣ ሱር ታክሱም ተነሣና፣ ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ እንዲከፈል ተባለ። ከዚያ ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ቪትዟ እንግዲህ እያረጀችም ዋጋዋ አልወርድ ያለው ተተኪ ስለሌላት ነው። ግብር ነክ ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ የምትገዙ ለታ የዕለቱን ሳትጠይቁ ቀብድ እንዳትሰጡ።

በዚያ ላይ ቤንዚኑ አለ። በ2017 የገና ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሊትሩ ከ100 ብር አለፈ፤ በኋላም ጨምሯል። በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ፣ እህቴ በቀን 45 ኪሎ ሜትር ትነዳለች፤ በወር 26 ቀን ብትሠራ 1170 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በእኛ ትራፊክ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ብትሄድላት ወደ 10 ሺህ ብር በየወሩ ማደያ ታፈሳለች፤ ያውም ቤንዚን ከተገኘ፣ ሰልፉ ላይ ካላረፈደች። እንጀራ ደግሞ ረፋድ ላይ ከደረሰ የሚቀበለው የለም።

ስለዚህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ ወጣን።

የመጀመሪያው ሱቅ የገባን ጊዜ ሻጩ ልጅ ሰፌዱን አይቶ ሳቀ። እህቴ መልስ አልሰጠችውም። ቀጥ ብላ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዳ «ክፈተው» አለችው። እንጀራ ተደራርቦ የሚጓዘው በሰፌዱ ልክ ነው፤ ከታጠፈ ደግሞ ካፌው አይረከባትም። የመጀመሪያዋ መኪና፣ ያቺ ከሁሉም የረከሰችው ባለ ሁለት በር፣ ሰፌዱ በሰያፍ ካልሆነ አልገባባትም። ሁለተኛዋ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ሰፌዱ ጎን ለጎን ተንጋሎ ቦታ ተረፈው። ሦስተኛዋ ሰፊ ነበረች፤ ዋጋዋ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ልጁ መሳቁን ትቶ ሰፌዱን ይይዝላት ጀመር።

እኔ በበኩሌ ስለ ባትሪው ስጠይቅ ነበር። ሁለተኛዋ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለው ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ቻይና ውስጥ የወጣች፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ78፣ ከቪትዝ ብዙም የማትበልጥ። ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት። አንዱ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ሌላው 38 ነጥብ 9። በቻይና መለኪያ አንዱ 305፣ ሌላው 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተጽፎበታል። «405!» ይላል ሻጩ ደረቱን ነፍቶ።

የቻይናው መለኪያ ግን ለጋስ ነው። ቀስ ባለ የከተማ ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ሰፊ መንገድ ላይ ፈጠን ስትሉ ቁጥሩ ይሸሻል። ዳገትም ይበላል። አዳማ ስትወርዱ ባትሪው ያልተነካ ይመስላችኋል፤ ስትመለሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለምትወጡ መልሶ ይከፍላችኋል። እኔ ብሆን ከተጻፈው ላይ ሲሶውን ቀንሼ ነው የማቅደው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2300 ሜትርን ያለፈ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር አየር አንሶት ሩብ የሚያህል ጉልበቱን ያጣል። ቪትዝ አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ይሄ አይነካውም።

ሌላ ያየነውን ልንገራችሁ። አንዱ ሱቅ ያሳየን መኪና ስክሪኑ በሙሉ በቻይንኛ ነው። «ሶፍትዌር እንቀይርላችኋለን» አሉን። መቼ? «ከገዛችሁ በኋላ!» ይሄኔ ነው መሹለክ! ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ የመጡ ናቸው። የቻርጅ መሰኪያቸው የቻይናው ዓይነት ነው፤ የአውሮፓው ለየት ይላል። የትኛው እንደሆነ ሳታዩ፣ ገመዱ አብሮ መሰጠቱን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። የባትሪ ዋስትናም «ፋብሪካው 8 ዓመት ሰጥቷል» ቢሏችሁ፣ እዚህ የሚያስፈጽመው ማን እንደሆነ በወረቀት፣ በማኅተም ይጻፍላችሁ። የፊት መስታወትና የፊት መብራት መደርደሪያው ላይ እንዳለ ጠይቁ። አንድ ጓደኛዬ አዲስ መኪናውን በተሰበረ መብራት ምክንያት ሁለት ወር አቁሞ በታክሲ ሲመላለስ አይቻለሁ። ሆዷንም ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው ያለው፤ የሰፈራችሁ ኮብልስቶን ተነቃቅሎ ከሆነ እዚያ ላይ የሚደርስ ጭረት እንደ በር ጭረት ቀለል ተደርጎ አይታይም።

ይሄን ሁሉ ጠይቀን፣ ተከራክረን፣ ባለ 405ቷን ልንገዛ ቀብድ የምንሰጥበት ቀን ቆረጥን። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ማታ እህቴ ተከራይታ የምትኖርበት ግቢ ስንገባ አከራይዋ እናት በር ላይ ቆመው ነበር። ሴትየዋ ደግ ናቸው። ምጣድ የሚጣድበትን ቀን እንኳ ለእሷ ብለው ጨምረውላታል። «እማማ፣ መኪና ልንገዛ ነው፤ ማታ ማታ ከዚህ ሶኬት ቻርጅ ብናደርግ የድርሻችንን እንከፍላለን» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምጣዷን ችያለሁ። መኪናዋ ደግሞ ከእኔ ቆጣሪ ትጠጣ?»

ተናደድኩ። ድርሻችንን እንከፍላለን እያልን! ቢል አምጡ አልኩና እዚያው ደጃፉ ላይ በስልኬ ማስላት ጀመርኩ። ለካ ትክክል እሳቸው ናቸው! በወር 1170 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። የቤት መብራት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው፤ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ የእህቴ መኪና ሁሉንም ወደ ላይኛው ደረጃ ገፍታ ታስገባቸዋለች። እሷ የራሷን ብትከፍልም ጎረቤቶቿ ያልነዱትን ይከፍላሉ። በዚያ ላይ አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ መኪናዋ በተራ ሶኬት ሌላ 2 ኪሎ ዋት ስትጨምርበት፣ ያንን አሮጌ ገመድ አስቡት!

ያን ሌሊት እኔና እህቴ ስለ መኪና ማውራት ተውን። የምናወራው ስለ ቆጣሪ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእናንተም የምለው አለኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይታችሁ ከሆነ ገመዱን እንደ ልብስ ማስጫ በመስኮት ልትለቁት ነው? ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች መከፈት ጀምረዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ አበባ ላይ ፈጣኑን ከፍቷል። ሁልጊዜ በጣቢያ ለመኖር ግን ሥራችሁና ሰፈራችሁ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። ካልሆነ የማደያው ሰልፍ ስሙን ቀይሮ ጠበቃችሁ ማለት ነው። ማደሪያ ከሌላችሁና መቀየርም ካልቻላችሁ፣ እኔ አሮጌዋን ቤንዚን በራሳችሁ መካኒክ አስመርምራችሁ፣ በባለ ሊብሬው ስም፣ እዳና እገዳ አስጣርታችሁ ግዙ ነው የምለው። እህቴ እንዳትሰማኝ!

እኛ ያደረግነው ይሄ ነው። ለእንጀራውም ቢሆን ሦስት ምጣድ አንድ ላይ ለመጣድ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ከከተማ ትንሽ ወጣ ያለ፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ መኪና የሚያስገባ በር ያለው ቤት ፈለግን። ስድስት ሳምንት ፈጀብን። ቅድሚያ የሚከፈለው ኪራይ፣ የደላላው፣ ለመኪናዋ ብቻ ከቆጣሪው የተሳበው ወፍራም ገመድና ማቋረጫ ተደማምሮ ከመኪናው ብር ላይ ጎመደው። ባለ 405ቷ በዚያው ቀረች።

እህቴ አላዘነችም። «በቀን 45 ኪሎ ሜትር ለምሄድ 405 ምን ያደርግልኛል?» አለች። ትንሿን ባትሪ ገዛች። ከ305 ላይ ሲሶውን ብትቀንሱ እንኳ ከ200 ይተርፋል። የዕለት መንገዷን በተራ ሶኬት በሦስት ሰዓት ትሞላለች፤ መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋባትም ለነገ የሚሆን አላት። አዳማ ያለችው አክስታችን ዘንድ ደርሶ መልስ ግን በአውቶቡስ ነው፤ በዚህ ተስማምተናል።

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ እሷ ሙሉውን ኢንሹራንስ ገባች። ያቺ መኪና ብትገጭ የሚተካ ሌላ ዘጠኝ ዓመት የላትማ!

መኪናዋን የተረከብን ለታ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታኝ ኋላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ቤት ስንደርስ «በይ ቅደጂው እንግዲህ!» አልኳት። ዳር ዳሩን በእጇ ዳበሰችው።

«ይቆይ» አለች። «እንጀራው ሲጫን እርጥብ ነው፤ ወንበሩን ያበላሸዋል።»

ይኸው እስካሁን አልተቀደደም።